በአራት ገጽ ተረትቼ በአንድ ገጽ ረታሁ

የአብራሪነት ትምህርቴን የጨረስኩት ውጭ አገር ነው። ላይሰንሴን ወደ ኢትዮጵያ ለማዛወር ስመጣ ለእናቴ «ቢበዛ አንድ ወር ነው» አልኳት። ባሕር ዳር፣ እናቴ ቤት፣ አሥር ወር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ስሜ ነበር። የውጭው ላይሰንስ ላይ ያለው የእኔና የአባቴ ስም ብቻ ነው። ፓስፖርቴ ላይ አያቴም አሉ። «ሁለቱ አንድ ሰው ለመሆናቸው ማስረጃ አምጣ» ተባልኩ። ይህ አሳቀኝ እንጂ አላስጨነቀኝም። ላይሰንሱን የሰጠው አገር የትክክለኛነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ለሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ መላኩ አይቀርም። እዚያው ላይ የፓስፖርት ቁጥሬና ሙሉ ስሜ እንዲገባ ለመንኩ፤ ገባ፤ አለቀ። ለትምህርት የምትወጡ ልጆች ግን ሦስቱንም ስም ከመጀመሪያው ቀን አስጽፉ።

ዋናው ጣጣ ዓይኔ ነው። የንግድ አብራሪ ክላስ ዋን ሜዲካል፣ ማለትም የአንደኛ ደረጃ የጤና ብቃት ማረጋገጫ፣ ያስፈልገዋል። ለዚያ ስመረመር ኢሺሃራ የሚባለውን፣ ባለቀለም ነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር የተደበቀበትን መጽሐፍ አሳዩኝ። ጥቂት ገጾች ላይ ምንም አልታየኝም። ወረቀቱ መጣ፦ «ብቁ አይደለም»። ሌላ ቃል የለውም።

ደሜ ፈላ። በዚያው ሌሊት አራት ገጽ ቅሬታ ጻፍኩ። እናቴ ለትምህርቴ የሸጠችው ወርቅ፣ ያለ አደጋ የበረርኩት ሰዓት፣ የምርመራ ክፍሉ ቢጫ አምፖል፣ ያልገባበት ነገር የለም። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ቅሬታዎ ተቀባይነት አላገኘም»።

ፍርድ ቤቱ አካባቢ ዛፍ ጥላ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። እናቴ ናት ወደ እሳቸው የሰደደችኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ አውሮፕላን ምን ሊያውቁ ነው ብዬ ነበር። አራቱን ገጽ ሳይቸኩሉ አነበቡ።

«ልጄ፣ ማልቀሱንስ አልቅሰሃል። ውሳኔው የታለ?»

ሰጠኋቸው። ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«ለምን እንደከለከሉህ አልጻፉም እኮ።»

«ጋሼ፣ ይታወቃል፤ ቀለም ነው።»

«እሱን ያልከው አንተ ነህ። እነሱ ይበሉት።»

አምስት መስመር ጻፉልኝ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ስለዚህ ምክንያቱና የምርመራ ውጤቴ ቅጂ በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ የሚል ነው። «ቅጂህ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳይመቱልህ ከመዝገብ ቤት ንቅንቅ እንዳትል» አሉኝ። ወደ አዲስ አበባ በረርኩ፤ ተሳፋሪ ወንበር ላይ። ያቺ አንድ ሰዓት የማትሞላ መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝማብኝ አታውቅም።

ምክንያቱ በጽሑፍ መጣ፦ የኢሺሃራ ውጤት። ሌላ ምንም የለም። አምፖሉን ላጋልጥ ብዬ አንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩና መስኮት ዳር፣ በቀን ብርሃን በድጋሚ ተመረመርኩ። ያው ሆነ። ቀይና አረንጓዴ ላይ መጠነኛ ድክመት አለብኝ፤ ወንዶች ላይ የሚበዛ፣ ከእናት በኩል የሚወረስ ነገር ነው። ለወራት የጮህኩበት ነጥብ እንዲሁ ተነነ። ለእናቴ ከእሷ መሆኑን አልነገርኳትም።

ማታ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ የምሽቱ አውሮፕላን ሲመጣ አየሁ። ግራ ክንፉ ላይ ቀይ፣ ቀኙ ላይ አረንጓዴ። ቁልጭ ብሎ ይታየኛል! ታዲያ ነጠብጣቡን ያልለየ ዓይን መብራቱን እንዴት ለየ?

ለዚህ መልሱ የኢካኦ፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የአብራሪ ፈቃድ ደንብ በሆነው አኔክስ 1 ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። በነጠብጣቡ መጽሐፍ የወደቀ ሰው በበረራ የሚያገለግሉትን ቀለሞች በቀላሉ ከለየና የአቪዬሽን መብራቶችን በትክክል ካወቀ ብቁ ሊባል ይችላል። ይህንንም ካልቻለ ለክላስ ዋን አይበቃም፤ የሚቀርለት በቀን ብቻ የሚል ገደብ ያለበት ክላስ ቱ፣ ለግል አብራሪ የሚሆነው ሁለተኛ ደረጃ፣ ነው። እኔ ስታገል የነበረው መጽሐፉን ለማሸነፍ ነው። ሁለተኛውን በር አንኳኩቼ አላውቅም።

ጋሼ ይህን ማመልከቻ እኔው እንድጽፈው ፈረዱብኝ። አንድ ገጽ ሆነ። ድክመቱ እንዳለብኝ አመንኩ፤ ድንጋጌውን ጠቀስኩ፤ በመብራት እንድፈተን ጠየቅኩ። ወርቁም አምፖሉም አልተነሱም። አምፖሉን መተው ግን አንጀቴን አሳርሮኛል።

ፈተናው ጨለማ ክፍል ውስጥ በፋኖስ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ እየተቀያየሩ። እጄ ያልበው ነበር። አንድም አልሳትኩ።

ሜዲካሉ ሲሰጠኝ ባሕር ዳር ተመልሼ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። የዘጌ ቡና ይዤላቸው ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። «ብቁ ነው» የሚለውን አላነበቡትም። ከላይ ቁጥሩንና ቀኑን አዩና፣ «ፎቶ ኮፒ አስነሥተሃል?» አሉኝ።