አራት ባር ብቻ

ሰሞኑን ምሽቶቼን የያዘው በሉፕ፣ ማለትም መልሶ መላልሶ በሚዞር አጭር የድምፅ ቁራጭ ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው። እስካሁን ዜማ የምደርሰው በመስመር ነበር፤ መግቢያውን አስቀድሜ፣ ስንኙን አስከትዬ፣ አዝማቹ ላይ ስደርስ እንደገና ወደ ስንኙ እመለሳለሁ፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ቀጥሎ ምን ይምጣ የሚለውን ጥያቄ እየመለስኩ እሄዳለሁ። በሉፕ ሲሠራ ይህ ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን ይቀራል። አራት ባር (እኩል የምት ቁጥር ያላቸው አራት የሙዚቃ ክፍሎች) ያለማቋረጥ ይዞራሉ፣ እኔም በውስጣቸው ሆኜ አሁን የሚሰማው ነገር በራሱ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ብቻ አዳምጣለሁ። ይህ ለውጥ ለሥራው ያለኝን አመለካከት ከጠበቅሁት በላይ ስለነካው፣ ስሜቱ ሳይቀዘቅዝ በጽሑፍ ላኖረው ፈለግሁ።

የመረጥኩት ኤብልተን ላይቭን ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ገጽታ አለው። ሴሽን ቪው በሚባለው ውስጥ ዓምዶቹ ትራኮች (ለየመሣሪያው የተለዩ መስመሮች) ሲሆኑ፣ በየዓምዱ ክሊፕ የሚባሉ የድምፅ ወይም የሚዲ (ድምፁን ሳይሆን የኖታውን ትእዛዝ የሚይዝ) ቁራጮች ይደረደራሉ፤ አንዱን ክሊፕ ሲነኩት በዚያው ቅጽበት አይጮኽም፣ የሚቀጥለው ባር እስኪጀምር ጠብቆ ይገባል። በአንድ ትራክ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ክሊፕ ብቻ ስለሆነም አዲሱ ሲገባ የቀድሞው ቦታውን ይለቅለታል። ይህን የአጠባበቅ ሥርዓት በጣም ወድጄዋለሁ፤ እጄ ቢቸኩል እንኳ ድምፁ አይቸኩልም፣ ሐሳቤን ከሰነዘርኩበት ጊዜ አንሥቶ እስኪሰማ ባለው አጭር ክፍተት ውስጥም ጆሮዬ ለሚመጣው ነገር ይዘጋጃል። ሁለተኛው ገጽታ፣ አሬንጅመንት ቪው፣ ጊዜን ከግራ ወደ ቀኝ የሚዘረጋው የተለመደው ሰሌዳ ነው።

ፍጥነቱን በደቂቃ 96 ምት ላይ አድርጌዋለሁ። በዚህ ፍጥነት አንድ ምት 0.625 ሰከንድ ይወስዳል፤ አራት ምት ያለው ባር ሁለት ሰከንድ ተኩል፣ አራቱ ባር ደግሞ ልክ አሥር ሰከንድ ይሆናሉ። የወደድኩት የድራም ሉፕ ግን የተቀረጸው በ90 ነበር። ዱሮ በሸክላና በቴፕ ክር ዘመን እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማቻቻል የነበረው ቀላሉ መንገድ ማጫወቻውን ማፍጠን ሲሆን፣ ሲፈጥን ደግሞ ድምፁ አብሮ ይቀጥናል፤ ከ90 ወደ 96 ሲወሰድ ከአንድ ሴሚቶን (በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት) ትንሽ በለጥ ብሎ ከፍ ይላል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ፍጥነትንና የድምፅ ከፍታን፣ አላቅቆ ለየብቻ እንድንይዛቸው ያደርጋል። ለዚህ ነጻነት መንገድ የጠረጉ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሪሳይክል አንድን የድራም ቅጂ በየምቱ እየከተፈ ቁራጮቹን በሌላ ፍጥነት ለመደርደር አስቻለ፣ በ1998 የወጣው አሲድ ደግሞ ማንኛውም ሉፕ ሲገባ ከሥራው ፍጥነት ጋር ራሱ እንዲስማማ አደረገ። ላይቭ በ2001 ሲመጣ ይህንኑ ችሎታ ለመድረክ በሚመች መልክ አቀረበው።

ማላቀቁ ግን ያለ ዋጋ አይደለም፤ ዋጋውን በጆሮ መስማት የዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት ሆኖልኛል። ቢትስ የሚባለው የማስተካከያ ስልት የምቶቹን ጅማሬ ለይቶ ሳይነካ ስለሚያሳልፋቸው ለከበሮ ይስማማል፤ ለረዘመ የባለ ክር መሣሪያ ድምፅ ሲሰጥ ግን ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል። ቴክስቸር ድምፁን በጣም ወደ ደቀቁ ቅንጣቶች ከፍሎ እያደራረበ ስለሚያስረዝመው ለጭጋጋማ ድምፆች ያምራል፣ የከበሮን ስለት ግን ያደነዝዛል። ሪፒች የሚባለው እንደ ሸክላው ፍጥነትና ከፍታን አብሮ ይለውጣል። እኔ የድራሙን ሉፕ በመጨረሻ በሪፒች ትቼዋለሁ። ከፍ ማለቱ ለከበሮው ቆዳ ጥብቀትን ጨመረለት፣ የትኛውም ረቂቅ ስልት ያልሰጠውን ሕይወትም ሰጠው። ይህ የግሌ ፍርድ ነው፤ ነገር ግን ድምፅን ሳይነካ እለውጣለሁ ከሚል መሣሪያ ይልቅ ለውጡን በግልጽ የሚያሰማ መሣሪያ ለጆሮዬ ታማኝ ሆኖ ይሰማኛል።

ከዚያ ቀጥሎ ያስጨነቀኝ መጋጠሚያው ነው። ሉፕ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር የሚገናኝ ድምፅ በመሆኑ፣ በመገናኛው ላይ ያለች ትንሽ እንከን በየአሥር ሰከንዱ ተመልሳ ትመጣለች። የድምፁ ሞገድ ዜሮን (የመካከል መስመሩን) በማያቋርጥበት ቦታ ላይ ከተቆረጠ ቀጭን የቅጭልታ ድምፅ ይሰማል፤ ስለዚህ ቁርጡን ወደ ዜሮው ነጥብ ማስጠጋት ወይም ዳርና ዳሩን በጣም አጭር በሆነ ማደብዘዣ ማለስለስ ያስፈልጋል። ይበልጥ ስውር የሆነው የማስተጋቢያው ጅራት ነው። የመጨረሻው ምት ማስተጋባቱን ሳይጨርስ ሉፑ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ፣ አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ አየሩ ድንገት እንደጠበበ ይሰማዋል። መፍትሔው ቆንጆ ነው፤ ሉፑን ሁለት ጊዜ አጫውቶ ሁለተኛውን ዙር ብቻ መቅዳት። ያን ጊዜ የፊተኛው ዙር ጅራት በኋለኛው መግቢያ ላይ ስለሚያርፍ ክቡ በእውነት ክብ ይሆናል።

እንዲህ የተስተካከለ ሉፕ ሲደጋገም በሙሉ ልብ ልናገርለት የምፈልገው ነገር ይከሰታል። ድምፁ አንድም ሳይለወጥ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚሰማኝ ከበሮው ነው፤ ቆይቶ ከበሮው ወደ ኋላ ይልና በምቶቹ መካከል ያለው ትንፋሽ ይጎላል፤ ከዚያም ማንም ያልጻፈው ትንሽ ዜማ ከቤዙና ከሲምባሉ መሀል ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1948 በፈረንሳይ ሬዲዮ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ፒየር ሼፈር የመርፌው መሄጃ መስመር በራሱ ላይ በሚዘጋ ሸክላ አንድን ቁራጭ ድምፅ ያለማቋረጥ ሲያዞሩ፣ ድምፁ ከምንጩ ተላቅቆ ለብቻው የሚደመጥ ነገር እንደሚሆን አስተዋሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዳያና ዶይች ደግሞ በ1995 የራሳቸውን የንግግር ቅጂ ሲያስተካክሉ፣ እየተደጋገመ ሲጫወት የቆየ አንድ ሐረግ ወደ ዘፈን ተለውጦ ሰሙት። ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፤ ዘፈን ያደረገው ድግግሞሹ ብቻ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ድግግሞሽን የሐሳብ ድህነት አድርገው የሚቆጥሩትን ሰዎች ፍርድ ልቀበለው አልችልም። ሉፕ የጆሮን ሥራ ለጆሮ የሚተው መሣሪያ ነው፤ ያቀናባሪው ድርሻም ጆሮ ሥራውን ጨርሶ መሰልቸት የሚጀምርበትን ቦታ ማወቅ ነው።

ያንን ቦታ ለማራቅ ካገኘኋቸው መንገዶች ሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሉፖች አብሮ ማዞር ነው። ሰባት እርምጃ (እኩል የሆነ ትንሽ የጊዜ ክፍል) ያለው የደወል ሉፕ ከስምንት እርምጃ ከበሮ ጋር ሲጀምር በየዙሩ አንድ እርምጃ እየተዛነፈ ይሄድና ከ56 እርምጃ በኋላ እንደገና በመነሻው ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም በየራሳቸው ቀላል ናቸው፤ በመካከላቸው የሚወለደው ግንኙነት ግን በየጊዜው አዲስ ነው። ሁለት የእግር መንገደኞች እርምጃቸው ሳይገጥም ጎን ለጎን ሄደው በየተወሰነ ርቀት አንድ ላይ እንደሚረግጡ ሁሉ፣ የመገጣጠሚያው ቅጽበት ሲደርስ ምንም ያልታከለ ሆኖ ሳለ አንድ ታላቅ ነገር የገባ ይመስላል።

ስለተዘጋጁ ሉፖችም አንድ ነገር ልበል። ከፕሮግራሞቹ ጋርም ሆነ ለብቻቸው የሚመጡ ብዙ ጥቅሎች አሉ፤ የአፕል የሙዚቃ ፕሮግራም ጋራጅባንድ በ2004 ሲወጣ ጀምሮ ይህን ልማድ ሙዚቃ ላልተማረ ሰው ሁሉ አድርሶታል፣ ይህም መልካም ሥራ ነው። አብዛኞቹ ፈቃዶች ሉፑን በራስ ሙዚቃ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጠቀምን ሲፈቅዱ፣ ለብቻው መልሶ መሸጥን ይከለክላሉ። በሕግ በኩል ጉዳዩ ይኸው ነው። በልብ በኩል ግን ሌላው ሰው ጨርሶ የሰጠኝ ሉፕ ጥያቄዎቹን ሁሉ አስቀድሞ መልሷቸዋል፤ ድምፁ ሞልቷል፣ ቦታው ተይዟል፣ ለእኔ የሚቀረኝ መስማማት ብቻ ይሆናል። በጣቴ ጠረጴዛ መትቼ በስልኬ የቀዳሁት ያልተስተካከለ ምት ግን ብዙ ክፍተት ስለሚተውልኝ ሥራው ከእርሱ ይጀምራል። ምቶቹንም ሁሉ ሶፍትዌሩ ጊዜን እኩል ወደሚከፍልበት የፍርግርግ መስመር አልጎትታቸውም። በዚህ ፍጥነት አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም የአንድ ምት ሩብ፣ ወደ 156 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ምት ስሕተት ሳይሆን አረማመድ ነው፣ ሰውየው ራሱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ከባዱ ሥራ ከሴሽን ወደ አሬንጅመንት መሻገሩ ነው። የሚዞሩት አራት ባር ሞልተውና አምረው ሲሰሙ ዘፈኑ ያለቀ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሁሉም ድምፅ በአንድነት ስለሚሰማ ያ ቅጽበት የሥራው ጫፍ እንጂ መግቢያው አይደለም። እስካሁን ያገኘሁት ሁነኛ መንገድ መቀነስ ነው። የተሞላውን ሉፕ በሰሌዳው ላይ ሙሉ ርዝመቱን አነጥፌ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ አጠፋለሁ፤ ቤዙ አሥራ ስድስት ባር እስኪያልፍ ዝም ይላል፣ ደወሉ ከመካከል ይወጣና ሲመለስ ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ከበሮው ለአንድ ባር ብቻ ይቆምና ከፍተኛው ድምፅ ያ ዝምታ ይሆናል። በዚህ አሠራር የምጽፈው ድምፆቹን ሳይሆን መቅረታቸውን ነው ማለት ይቻላል።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ ወደ አራት ደቂቃ ይጠጋል። ደወሉና ከበሮው በየ56 እርምጃው የሚገናኙባቸውን ቦታዎች በቀለም ምልክት ለይቻቸዋለሁ፤ የክፍል ለውጦቹም በእነርሱ ላይ እንዲያርፉ እያደረግሁ ነው። የቀረኝ የሰው ድምፅ ነው። እርሱን በሉፕ አላስገባውም፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ቅጂ ይዘመርና ሥር ሥሩ የሚዞረው ሁሉ በየዙሩ ሌላ ቃል ሲያገኘው ምን መልክ እንደሚይዝ መስማት እፈልጋለሁ። ማይክሮፎኑን ነገ እዋሳለሁ።