ብሉዝ እየዘፈኑ ጊታር መምታት

«ብሉዝ ምን አለው፣ ሦስት ኮርድ ነው» ይሉሃል ስለ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሙዚቃ። ኮርዱስ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) እውነትም ሦስት ነው። መነሻ ድምፅህ ኢ ከሆነ ኢ ሰቨን፣ ኤ ሰቨን፣ ቢ ሰቨን፣ አለቀ። አራት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ኢ፣ ሁለት ባር ኤ፣ ተመልሰህ ሁለት ባር ኢ፣ ከዚያ አንድ ቢ፣ አንድ ኤ፣ አንድ ኢ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ መጀመሪያው የሚመልስህ ቢ። 12 ባር ሞላ። ምቱም ቢሆን ብዙ አያስቸግርም፤ ሻፍል የሚሉት የብሉዝ አመታት በሦስት የሚከፈል ምት ስለሆነ በችክችካ ላደገ ጆሮ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ጣጣው አፍህን ስትከፍት ነው።

መዝፈን ስትጀምር እጅህ ቃሉን መከተል ያምረዋል። ቃሉ ሲረዝም ባሩም አብሮ ይረዝማል። ስመ ጥሩው የብሉዝ ዘፋኝና ጊታሪስት ጆን ሊ ሁከር ብቻውን ሲጫወት ባር አይቆጥርም ነበር፣ ኮርድም ሲፈልግ ነበር የሚቀይረው፣ ግን እሱ ሁከር ነው። እኔን ያዳነኝ የግጥሙን አሠራር ማወቅ ነው። አንድ መስመር ትላለህ፣ እሱኑ ትደግማለህ፣ በሦስተኛው ትመልሳለህ። ለእያንዳንዱ መስመር አራት ባር አለው፣ ድምፅህ የሚይዘው ግን ግማሹን ያህል ነው። የቀረው የጊታሩ ነው። ይህ እኮ አዝማሪ ቤት ያለ ነገር ነው! «ተቀበል» ብለህ ግጥም ስትሰጠው አዝማሪው ይደግመዋል፣ በመሀል ማሲንቆው ይናገራል፣ እሱም እስከዚያው የሚቀጥለውን ያስባል።

ስለዚህ እየዘፈንክ ጌጥ አታብዛ። የብሉዙ ንጉሥ ቢ.ቢ. ኪንግ እንኳ እየዘፈነ አይመታም ነበር። ይዘፍናል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሉሲል ብሎ የሰየማት ጊታሩ ትመልስለታለች። ከኋላው ባንድ ነበረው፣ እውነት ነው፤ ብቻህን ከሆንክ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣትህ እየመታህ በእግርህም ቁጠር።

የእንግሊዝኛው ግጥም አፌ ላይ አልገባ ሲለኝ ደግሞ የራሴን ጻፍኩ፦

ዛሬም መብራት ሄደ፣ ሻማዬም አልቆብኛል
ዛሬም መብራት ሄደ፣ ሻማዬም አልቆብኛል
ጊታሬን ልነካ ብል፣ ጨለማው ይስቅብኛል

ግጥም ነው ብዬ አልሟገትም። ግን ልክክ ብሎ ገባ፣ ምክንያቱም አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት አይከብድም። ሁለተኛውን መስመር ስትዘፍን ኮርዱ ወደ ኤ ይሄዳል፣ እና ያው ቃል ሌላ ስሜት ይሰጥሃል። ለእኔ የ12 ባር ትልቁ ጥበብ እዚች ጋ ነው፣ ሶሎው (ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት) ላይ አይደለም።

ሶሎ ካማረህ ግን የጂ ትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች (ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ) ውሰድና ኢ የሚባለውን ድምፅ ቤትህ፣ ማለትም መነሻና መመለሻህ አድርግ። የኢ ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት) ማለት እሱ ነው። ጂ ላይ ስትደርስ ክሩን ትንሽ ገፋ አድርገው፣ ቀጥሎ ያለው ድምፅ፣ ጂ ሻርፕ፣ ሳይደርስ ተወው። መጀመሪያ አካባቢ ብሉዙ ትዝታ ትዝታ ይልብሃል፤ ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም ጣታችን የለመደው አወራረድ ሌላ ነው። እኔ አሁንም ይልብኛል፣ ጎረቤቶቼ ግን ይሄኛውን ነው የወደዱት።