የዳማ ጥፍር

እሑድ ማታ ነው። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም። ዳማ ምንጣፉ ላይ በጎኑ ተዘርግቶ አንድ እግሩን ጭኔ ላይ ጥሏል። እኔ መቁረጫውን ይዤ፣ ባትሪ አብርቼ ጥፍሩን አያለሁ።

ዳማ ግሬይሀውንድ የሚባል የሩጫ ውሻ ነው። የተወለደው አየርላንድ ነው። እንግሊዝ አገር ከሚሮጡት ግሬይሀውንዶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚያ ነው። ጆሮው ውስጥ የተነቀሱት የመለያ ፊደላት አሁንም ይነበባሉ። አራት ዓመት ሲሞላው ከውድድር ወጣ። እዚህ ለንደን፣ እኔ ቤት ከገባ ሁለት ዓመት አለፈው። ስሙን ያወጣሁለት በመልኩ ነው። አያቴ ዳማ ፈረስ ነበራቸው፤ ቁርጥ እሱን!

እማዬ ባለፈው ስደውልላት "ምን እየሠራሽ ነው?" አለችኝ። "የዳማን ጥፍር እየቆረጥኩ" አልኳት። "ልጄ፣ ውሻ ጥፍር ይቆረጥለታል እንዴ?" አለች። ብትገረም አይፈረድባትም። እኛ ግቢ የነበረው ውሻ ቀኑን ሙሉ ኮረኮንች ላይ ሲሯሯጥ ይውል ነበር። ጥፍሩ ራሱ ያልቃል። ዳማ ግን ጠዋትና ማታ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ይወጣል፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ይተኛል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥ ዘር እንዲህ እንቅልፍ ይወዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሲሰጡኝ የውሾቹ ማቆያ ውስጥ የሚያገለግሉት ሽማግሌ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። "በየሁለት ሳምንቱ ቁረጪለት። ወጥ ቤት ሲገባ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ዘግይተሻል" አሉኝ። መጀመሪያ አካባቢ እንዳሉት አደረግሁ። ከዚያ ሥራው በዛ፣ ሁለት ሳምንቱ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ አራት።

አምና ለአባቴ ተዝካር አገር ቤት ሄድኩ። ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ዳማን የጠበቀችልኝ ጎረቤቴ አብልታዋለች፣ አንሸራሽራዋለች፣ ጥፍሩን መንካት ግን ፈርታለች። በተመለስኩበት ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ያ ድምፅ ተሰማኝ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

በዚያው ሌሊት በአንዴ ላሳጥረው ተነሳሁ። ደክሞኛል፣ መብራቱም ደብዛዛ ነው። ሦስተኛው ጥፍር ላይ ሥጋውን ቆረጥኩት። ግሬይሀውንድ ሲያመው አይጮህም፣ እሪ ይላል። ያ እሪታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደሙ አልቆም ሲል የበቆሎ ስታርች ጫን አድርጌ ያዝኩበት። ምንጣፉ፣ እጄ፣ ቀሚሴ በደም ተነካካ። እሱ ግን ያን ሁሉ ጊዜ አልነከሰኝም። ዓይን ዓይኔን እያየ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ መሳቢያውን ስከፍት እንኳ ተነስቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄድ ጀመር።

የእንስሳት ሐኪም ቤት ያለችው ነርስ ያስረዳችኝ ነገር ነው ሁሉን የለወጠው። ጥፍሩ ውስጥ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ አለ። ጥፍሩ ሲረዝም ሥጋውም አብሮት ይረዝማል። ስለዚህ የቆየ ጥፍር በአንዴ አያጥርም። ጫፍ ጫፉን በየሳምንቱ ከወሰድሽለት ግን ሥጋው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ ቆርጬ የምገላገለው ነገር መስሎኝ ነበር።

እንደገና ከዜሮ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መቁረጫውን አጠገቡ አስቀምጬ ዶሮ ብቻ አበላሁት። ሁዳዴ ስለነበር እኔ ሳልቀምስ ለእሱ እቀቅላለሁ። ከዚያ እግሩን መያዝ። ከዚያ በአንድ ማታ አንድ ጥፍር፣ ከዚያ በላይ የለም። ሦስት ወር ያህል ፈጀብን።

የዳማ ጥፍሮች ጥቁር ናቸው፤ ሥጋው ከውጭ አይታይም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስስ አድርጌ እቆርጥና የተቆረጠውን ፊት አየዋለሁ። ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ እቀጥላለሁ። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለች እርጥብ ነጥብ ብቅ ካለች አቆማለሁ። በባትሪ የሚሽከረከር ሞረድም ሞክሬያለሁ፤ ድምፁን አልወደደውም፣ ተውኩት።

አሁን ስንት ጊዜ ነው የምቆርጠው? በጋ ላይ አስፋልቱ ስለሚያግዘኝ በየአሥር ቀኑ። ክረምት ላይ ግን የምንሄደው ፓርኩ ውስጥ፣ ጭቃና ሣር ላይ ነው። ያኔ ሳምንት አላሳልፍም። የፊት እግሮቹ ውስጠኛ ጎን ላይ ከፍ ብለው ያሉት ሁለቱ አውራ ጣቶች መሬት አይነኩም፤ በጋ ከክረምት እኩል ያድጋሉ፣ ከተረሱም ተጠማዝዘው ቆዳውን ይወጋሉ። እነሱን ሁልጊዜ መጀመሪያ አያለሁ። ስጠራጠር ዳማን ጠንካራ ወለል ላይ አቆምና ጥፍሩ ሥር ወረቀት አስገባለሁ። ወረቀቱ ካለፈ ደህና ነን።

ለዚህ ዘር ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ጥፍሩ ወለሉን ሲገፋ ጣቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ አረጋገጡ ይዛባል። ግሬይሀውንዶች ደግሞ መዳፋቸው ላይ እንደ ጠጠር የጠነከረ፣ ሲረግጡት የሚያማቸው ነገር ያወጣሉ። እግሩን በየሳምንቱ ስይዝ መዳፉንም አብሬ እዳስሳለሁ። ባለፈው ወር በግራ እግሩ መዳፍ ላይ ትንሽ ጠንከር ያለች ነገር ያገኘሁት እንዲህ ነው። ገና ሳያነክስ ሐኪም አየችው።

ዳማ 18 ጥፍር አለው። ዛሬ 16ቱን ጨርሻለሁ። የቀሩት የቀኝ የኋላ እግሩ ሁለቱ ናቸው፣ ግን ዓይኖቹን ገርበብ አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል። እግሩ አሁንም ጭኔ ላይ ነው። ሁለቱን ነገ እቆርጣቸዋለሁ።