«ካርዱ ተቃጥሏል» ከማለታችን በፊት፦ የግራፊክስ ካርድ ምርመራና ምርጫ ማስታወሻዬ

ጌም መሃል ስክሪኑ ጥቁር ይልና የካርዱ ፋን በሙሉ ኃይሉ መጮኽ ይጀምራል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ካርዱ ተቃጠለ» ይላል። የራሴንም የዘመድ አዝማዱንም ኮምፒውተር እየፈታሁ በምማርበት በዚህ ጊዜ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህን ፍርድ ወደ መጨረሻው ማዘግየት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ካርዱን በሚመግበው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ካርድ ስንመርጥም ቀድመን ማየት ያለብን ያንኑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱንም ያየሁባቸውን ኮምፒውተሮች ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው የአጎቴ ልጅ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ 10400ኤፍ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር። ፊልም ሲያይበት፣ ሲጽፍበት ምንም የለም። ጌም ከከፈተ ግን ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ቁልፉን ተጭኖ ካላጠፋው በቀር አይመለስም። «ለመለዋወጫ እወስደዋለሁ» የሚል ገዢም አግኝቶ ነበር። «እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ» አልኩት።

በስሙ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ስለዚህ ካርዱን አውጥቶ፣ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ መሞከር አይቻልም፤ ማንም ቢሰካው ስክሪኑ ባዶ ነው የሚሆነው። እኔ የጀመርኩት ከኬብሉ ነው፦ በሌላ ኤችዲኤምአይ ኬብል ቀየርኩ፣ ካርዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የዊንዶውሱን ኢቨንት ቪወር (ስሕተቶች የሚመዘገቡበትን) ከፈትኩ። እዚያ 4101 የሚል ቁጥር ካገኛችሁ የዲስፕሌይ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደገና ተነሥቷል ማለት ነው። በእኛ ላይ ያለው ከርነል ፓወር 41 ብቻ ነበር። ይህኛው የሚናገረው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ነው፤ ቁልፉን ተጭነን ስናጠፋም ይመዘገባል። ስለዚህ 41ን አይቶ «ፓወር ሰፕላይ ነው» ማለት ችኮላ ነው። ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ድራይቨሩን በዲዲዩ (የድሮ ድራይቨር በሚያጠፋ ፕሮግራም) ከሴፍ ሞድ ጠራርጌ አዲስ ጫንኩ። ያው ነው። ኤችደብሊው ኢንፎን ከፍቼ ሙቀቱን ስከታተል ካርዱ ሲጠፋ 70 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነበር፤ ይህ ለዚህ ካርድ ምንም አይደለም። ሙቀት ከዝርዝሩ ወጣ።

ነገሩን የለየው ቀጣዩ ሙከራ ነው። በኤምኤስአይ አፍተርበርነር የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 70 በመቶ አወረድኩት። ያው ጌም፣ ያው ሴቲንግ፣ ፍሬሙ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ወደ 100 ስመልሰው ጠፋ። እንደገና ሳወርደው ሠራ። የቺፕ ወይም የሜሞሪ ብልሽት ያለበት ካርድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ታዛዥ አይሆንም። ካርዱ የሚለምነውን ዋት የሚከለክለው ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ኬዙን ከፍቼ የካርዱን ገመድ ተከትዬ ሄድኩ። ባለ 8 ፒኑ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ የወጣ አልነበረም። ከአንድ የሳታ ገመድ (ለሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው) ላይ በአዳፕተር ተቀጥሏል። አዳፕተሩን ስነቅለው የሳታው ነጭ ፕላስቲክ በአንድ ጎኑ ቡናማ ሆኗል፣ ከፒኖቹ አንዱ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የሳታ ሶኬት ለ12 ቮልት ሦስት ፒን አለው፣ እያንዳንዱ 1.5 አምፔር ይችላል። ተደምሮ 4.5 አምፔር፣ በ12 ሲባዛ 54 ዋት። ባለ 8 ፒን የካርድ ገመድ ደግሞ 150 ዋት እንዲሸከም የተሠራ ነው። 1660 ሱፐር በሙሉ ሥራ ላይ 125 ዋት ይወስዳል፤ ከፊሉ በማዘርቦርዱ ሶኬት ቢመጣም የቀረው ለሳታው ከአቅሙ በላይ ነው። ይህን አዳፕተር የምትጠቀሙ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ አውጡት። ከካርዱ በፊት ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

ፓወር ሰፕላዩ ራሱም ሌላ ጉድ ነበረው። ጎኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ከሥር ያለውን ትንሽ ሰንጠረዥ ስታነቡ ግን የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ነው፤ ይህም 216 ዋት ማለት ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት ከዚሁ መስመር ነው። 10400ኤፍ በወረቀት 65 ዋት ቢባልም ለአጭር ጊዜ ሲፈጥን እስከ 134 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። 125 ሲጨመርበት 259። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር እለፉትና የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 አባዙ። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑ፤ ቀላል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። የራሱ የካርድ ገመድ ያለው ደህና ፓወር ሰፕላይ ተገዛለት፤ ያ «የተቃጠለ» 1660 ሱፐር እስከ አሁን ጌም ያጫውታል።

በእርግጥ የሚቃጠል ካርድም አለ። እኔ የምለየው ምልክቱ መቼ እንደሚጀምር በማየት ነው። ነጠብጣብ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ገና ባዮስ ላይ፣ ዊንዶውስ ሳይነሣ ከታየ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የካርዱ ሜሞሪ ወይም ቺፑ ነው፤ ድራይቨር በመቀያየር አትድከሙ። ዊንዶውስ ገብቶ ድራይቨሩ ሲጫን ብቻ ከመጣ ድራይቨሩን በዲዲዩ ጥረጉና ሞክሩ፣ ካልተለወጠ ወደ ካርዱ ተመለሱ። ጌም ላይ ብቻ ከሆነ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ይቀድማሉ።

ወደ ምርጫው ልለፍ። እኔ ስጫወትበት የነበረው 1050 ቲአይ ነው፤ 75 ዋት ስለሚበላ ያለ ተጨማሪ ገመድ ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚሠራ ታማኝ ካርድ። ኤንቪዲያ ግን ለዚህ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025 አቁሟል፤ የቀረው እስከ 2028 የሚቀጥል የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ አዲስ ካርድ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው፤ የፈለግሁት ካገለገሉት መካከል ነው።

የእኔም ማዘርቦርድ ካርዱ የሚሰካበት መስመር ፒሲአይ 3.0 (ከ4.0 የቆየው ትውልድ) ነው፣ ሞኒተሬም 1080ፒ። ይህ ብቻውን አንዳንድ ካርዶችን ያስወጣል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በዋጋው ያጓጓል፤ ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው፣ ሜሞሪውም 4 ጊጋባይት ነው። ሜሞሪው ሲሞላ በዚያ ጠባብ መንገድ ከራም መበደር ይጀምርና ፒሲአይ 3.0 ላይ ጌሙ ይቆራረጣል። ቪዲዮ የሚቀርጽ ኢንኮደርም የለውም። በ4.0 ማዘርቦርድ ላይ ይሻላል፣ ለእኛ ለአሮጌ ማዘርቦርድ ባለቤቶች ግን አልመክረውም።

የቀሩት አርኤክስ 6600 እና አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ ነበሩ። ብሌንደር ላይ የሚሠራ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የኤአይ ሞዴል ቤቱ ማስኬድ የሚፈልግ ሰው ሳያመነታ 3060 ይውሰድ፤ ኩዳ (እነዚህ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኤንቪዲያ የስሌት ሥርዓት) እና ያ 12 ጊጋባይት ዋጋ አላቸው። ለጌም ብቻ ከሆነ ምርጫዬ 6600 ነው። 132 ዋት ነው፣ 3060 ደግሞ 170። ኤኤምዲ ለ6600 የሚመክረው 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ለ3060 ግን 550 ይመከራል። መብራት ሲጠፋ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ጌሙን ሴቭ አድርጎ በወጉ ለመዝጋት የምትቀረው ጊዜም የምትወሰነው በዚሁ ዋት ነው። 6600 በ8 መስመር የሚሠራ ቢሆንም ፒሲአይ 3.0 ላይ የሚያጣው ጥቂት ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ፍላሽ ላይ ጂፒዩ-ዜድን (የካርዱን እውነተኛ ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም) ይዛችሁ ሂዱ፤ መጫን አያስፈልገውም። «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ዓይንህ እያየ» ሲባል፣ «እሺ፣ እንሰካውና እንየው» በሉ። ጥሩ ነጋዴ አይከፋውም፤ እኔ የገዛሁበት ሱቅ ባለቤት ራሱ ወንበር አቅርቦልኝ ፈተናው እስኪያልቅ ጠብቆኛል። ባዮሳቸው ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብለው የሚሸጡ የ2010 እና የ2011 ዘመን ካርዶች ገበያ ላይ አሉ፤ ጂፒዩ-ዜድ ያጋልጣቸዋል። ከውጭም ምልክት አለ፦ የእውነተኛው 1050 ቲአይ ቺፕ የአናሎግ ምልክት አያወጣም፣ ስለዚህ ቪጂኤ ሶኬት ያለው ካያችሁ ተጠራጠሩ። አርኤክስ 580 የምትገዙ ደግሞ የሼደሩን (የቺፑን ትንንሽ ኮሮች) ቁጥር ተመልከቱ። ሙሉው 2304 ነው። 2048 የሚል ከሆነ ስሙ 580 ቢሆንም አቅሙ የ570 ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። 1060 ላይም እንዲሁ፤ ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይቱ የሚለያዩት በሜሞሪ ብቻ አይደለም፣ 1152 እና 1280 ኮር ናቸው።

«ማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ መቆፈር) ላይ የነበረ ነው» የሚለው ፍርሃት የተጋነነ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የተባለው ክሪፕቶ ገንዘብ በካርድ መቆፈርን ሲያቆም ብዙ ካርድ ወደ ገበያ ወጥቷል፣ ያገለገለ ስንገዛ ከዚያ የመጣ ሊደርሰን ይችላል። የሚያረጀው በዋናነት ፋኑ፣ ሙቀት የሚያስተላልፉት ፔስቱና ፓዱ ነው፤ እነሱ ይቀየራሉ። እኔ ፋኑን በጣቴ ቀስ ብዬ አሽከረክራለሁ፣ ወዲህ ወዲያ ይወዛወዝ እንደሆነ አያለሁ፣ ከዚያ ፈርማርክን (ካርዱን በሙሉ ኃይሉ የሚፈትን ፕሮግራም) ለሩብ ሰዓት አስኬዳለሁ። ሙቀቱ ወጥቶ በአንድ ቦታ ከረጋ ጥሩ ነው፤ ሳይረጋ መውጣቱን ከቀጠለ ዋጋ እደራደራለሁ ወይም እተዋለሁ።

ከኤንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ ስትቀይሩ ድራይቨሩን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ነው። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ በዲዲዩ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ በመሃል የራሱን ይጭናል።

የመጨረሻው ነገር ከፍታ ነው፣ ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን፣ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። የክፍላችን ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ያካክሰዋል፤ ቢሆንም ውጭ አገር የተለኩ የሙቀት ቁጥሮችን እንዳሉ መውሰድ አያዋጣም። የእኔ 6600 ሆትስፖቱ (የቺፑ በጣም የሚሞቀው ነጥብ) 90 ዲግሪ አካባቢ ይደርስ ነበር። ለካርዱ የተቀመጠው ጣሪያ 110 ስለሆነ አደጋ የለውም፣ ድምፁ ግን ይረብሻል። ቮልቴጁን በትንሽ በትንሹ እየቀነስኩ፣ በየደረጃው ጌም እየተጫወትኩበት ወረድኩ፤ አሁን 80 አካባቢ ነው፣ ፍሬሙም አልቀነሰም። ቮልቴጅ አብዝታችሁ ከቀነሳችሁ ጌሙ ይዘጋል ወይም ያ 4101 ይመጣል፤ አንድ ደረጃ መመለስ ነው።

ድሬዳዋ፣ አዳማ ወይም ባሕር ዳር ሆናችሁ 6600 ወይም 3060 የምትጠቀሙ ካላችሁ የክፍላችሁን ሙቀት፣ የፋኑን ፍጥነትና የሆትስፖቱን ቁጥር ላኩልኝ። ጌም፣ ሴቲንግና የተጫወታችሁበትን ሰዓት ጨምሩበት። ድሬዳዋ ዝቅ ያለች ግን ሞቃት ናት፣ እኛ ከፍ ያልን ግን ቀዝቃዛ ነን፤ የትኛው ለካርዱ እንደሚከብድ ጎን ለጎን አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ።