ከኦካቢና ሐይቅ ዳር እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን መልእክት የምጽፍላችሁ ከወርቲንግተን ነው። ወርቲንግተን በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከአዮዋ ግዛት ድንበር አጠገብ የምትገኝ የኖብልስ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ዋና ከተማ ናት። ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ ደውለው «አሜሪካ የትኛው አገር ነህ?» ሲሉኝ ለዓመታት «ሚኒያፖሊስ አካባቢ» እያልኩ አልፍ ነበር። ሚኒያፖሊስ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ዘንድሮ ግን ይህን ያህል ዘመን እህል ውኃዬ የሆነውን አገር በስሙ ልጠራውና ታሪኩን ላወጋችሁ ፈለግሁ።

ደጋ ላይ ለተወለደ ሰው የዚህ አገር ሜዳ መጀመሪያ ያስጨንቃል፤ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። ካውንቲው 722 ስኩዌር ማይል ያህል ሲሆን አብዛኛው በቆሎና አኩሪ አተር ነው። እየቆየ ግን ሜዳው እንደሚመስለው ዝርግ አለመሆኑ ይገባል። ቡፋሎ ሪጅ የሚባል ረጅም ጉብታ አለ፤ በላዩ የነፋስ ተርባይኖች ሌት ተቀን ይሽከረከራሉ። ይህ ከፍታ ውኃ ይከፍላል። በምሥራቅ በኩል የጣለው ዝናብ በኦካቢና ጅረት ወርዶ ወደ ደሞይን ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ሚሲሲፒ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል የጣለው በካናራንዚ ጅረት አድርጎ ወደ ሚዙሪ ይገባል። ከአንድ ደመና የወረደ ውኃ ተለያይቶ እንደገና የሚገናኘው ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዝናብ ሲጥል ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ከተማችን ዳሩ ላይ ያለችበትን የኦካቢና ሐይቅ ስም ያወጡት የዚህ አገር ነባር ሕዝብ የሆኑት ዳኮታዎች ናቸው፤ ኦካቢና ማለት ባለረጅም እግሮቹ የውኃ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ቦታ ማለት ነው። ወፎቹ ዛሬም አሉ። ዳኮታዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1851 በውል መሬታቸውን እንዲለቁ ተደረጉ። በ1862 በረሀብና በተበላ ቃል ምክንያት ጦርነት ተነሣ፤ በገና ማግስት በማንካቶ ከተማ 38 ዳኮታዎች በአንድ ቀን ተሰቀሉ፤ የቀሩትም ከሚኒሶታ ተባረሩ። በዓል ላይ ሆኜ ይህን ማንሳቴ ቅር አይበላችሁ። በ1870 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በኖብልስ ካውንቲ 117 ሰው ብቻ መዝግቧል፤ ያ ቁጥር ምን ያህል ሰው ከተነሣ በኋላ የተጻፈ መሆኑን ሳያስቡ ማለፍ ይከብደኛል።

በ1872 ሰፋሪዎች በአዲሱ የባቡር ሐዲድ መጡ። መጠጥ የማይሸጥበት ከተማ ለመመሥረት የተነሡ ሰዎች ነበሩ። ቤት ሠርተው፣ ሣሩን ገልብጠው፣ ስንዴ ዘርተው ብዙም ሳይቆዩ በ1873 ሰማዩ ጠቆረ። አንበጣ ነበር። እስከ 1877 ድረስ ለአምስት ዓመታት እየተመላለሰ እህሉን በላው። አያቴ በልጅነቷ አንበጣ ለማባረር ቆርቆሮ እየደበደበች የዋለችበትን ቀን ትተርክልን ነበርና፣ ይህን ሳነብ የእነዚያ ሰዎች ጭንቀት ሩቅ አልሆነብኝም። በመጨረሻም የሚኒሶታው አገረ ገዥ ጆን ፒልስበሪ ሚያዝያ 26 ቀን 1877 ሕዝቡ በአንድነት ጾምና ጸሎት እንዲይዝ አወጁ። እኛ ምህላ እንለዋለን። በዚያው ክረምት መንጋው ተነሥቶ ሄደ፤ የዚያ አንበጣ ዝርያም ከ1902 ወዲህ በሕይወት ታይቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ካውንቲው አደገ፤ በ1960 ሕዝቡ 23,365 ደረሰ። ቀጥሎ ትራክተሩ እየገዘፈ፣ እርሻው በጥቂት እጅ እየተሰበሰበ፣ ልጆቹ ወደ ከተማ እየሄዱ በ1990 ወደ 20,098 ወረደ። በሰሜን የሚያዋስነን መሪ (Murray) የሚባለው ካውንቲ በ1960 ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነበረው፤ ዛሬ 8 ሺህ ገደማ ቀርቶታል። የእኛ ግን በ2020 ወደ 22,290 ተመልሷል። ልዩነቱን ያመጣው በ1964 የተከፈተው የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ከ2,000 በላይ ሠራተኛ አለው፤ በቀን 20,000 ያህል አሳማ ያርዳል። መጀመሪያ ከላኦስ የመጡ ስደተኞች፣ ከዚያ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ፣ ከበርማ የመጡ ካረኖች ገቡበት።

እኔም እዚያ ነው የምሠራው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገኔ ቤቱ የማያስገባውን ሥጋ ሲቆርጥ ያድራል። አዳራሹ እንደ ማቀዝቀዣ ነው፤ ግራ እጅ ላይ የብረት መረብ ጓንት ይጠለቃል፤ ሥጋው በሰንሰለት እየመጣ አንዱን ቆርጠህ ቀና ስትል ሌላው ደርሷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው የልጄን ጫማ ማሰር አቅቶኝ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ፋብሪካው እንደሚዘጋ የተነገረን በፋሲካ ማግስት ነው። ዳቦ የተቆረሰው በየቤቱ ተዘግቶ፣ በስልክ እየተጠራራን ነበር። ያኔ ከአጠገቤ ቆሞ የሚሠራው የካረን ተወላጅ ሩዝ በከረጢት አምጥቶ ደጃችን ላይ አስቀምጦ ሄደ። ውለታው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

በዚያው ዓመት የሕዝብ ቆጠራው መጣ። በአማርኛ የተዘጋጀውን መመሪያ እያየሁ፣ የባለቤቴንና የልጆቼን ስም አንድ በአንድ ሞላሁ። ስለዚህ ከእነዚያ 22,290 ሰዎች መካከል አራቱ እኛ ነን። ቁጥሩን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ በዓላችን ልመለስ። የዛሬ ጥቂት ዓመት፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ስነዳ ከመንገዱ ዳር በውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ቢጫ ነገር አየሁ። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ስምንት ቢጫ ቅጠል ያላት፣ መሐሏ ጠቆር ያለ አበባ ናት። ዓደይ አበባን አወቅኋት ብዬ ቆሜ አለቀስኩ። በኋላ ስጠይቅ ራሷ ዓደይ አይደለችም፤ ነገር ግን ሁለቱም ባይደንስ ከሚባለው አንድ ወገን ናቸው። እዚህ የበቀለችው የዚሁ አገር ተወላጅ ናት፤ ማንም አላመጣትም። ዘሯም እንደ አገራችን ጨጎጎት ጥርስ አለው፤ ልብስ ይዞ አይለቅም።

ከዚያ ወዲህ ሴቶች ልጆቻችን በእንቁጣጣሽ ጠዋት የሚያዞሩት ይህንኑ አበባ ነው። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት ከጎረቤታችን ከአሮጊቷ ዘንድ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በእርሻ የኖሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ቀን አበባውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ይህንን እኮ እኛ ስንነቅለው ነው የኖርነው» አሉ። ከዚያ ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ሞልተው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ዓምና ደግሞ ልጆቹ ሳይደርሱ በፊት በር ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁ ነበር።

ካለንበት እስከ ሱ ፎልስ ከተማ 60 ማይል ነድቼ የዶሮ ወጡን ቅመምና ጤፉን ትናንት አምጥቻለሁ። ልጄ ቀሚሷን አስተኩሳ ሰቅላለች። ነገ ከሥራ ስወጣ ጤዛው ሳይረግፍ ወደ ቦዩ ወርጄ አበባውን እለቅማለሁ፤ በያላችሁበት ላላችሁ ሁሉ፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም፣ በዱባይም፣ ሰው በማያውቃት ትንሽ ከተማም፣ አንድ አንድ እንጨት አበባ በስማችሁ እይዛለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት!