የሕግ መምህሩ ሦስት ደቂቃ

ሐዋሳ ውስጥ ሕገ መንግሥት የሚያስተምር ሰው ስልኩ የሚጮኸው ዜናው ሲሞቅ ነው። «ዶክተር፣ ለሦስት ደቂቃ ብቻ» ይላል ቃለ መጠይቅ የፈለገው ጋዜጠኛ። ሦስት ደቂቃ፣ በእርጋታ ለሚናገር ሰው፣ ሦስት መቶ ቃል ቢሞላ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ንዑስ አንቀጽ ለማስተዋወቅ እንኳ አይበቃም።

መምህሩ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ቀጥታ ስርጭት ነው ወይስ ተቀርጾ የሚቆረጥ?» የሚለው ነው። መምህር ግራ ቀኙን ዘርዝሮ መደምደሚያውን ለመጨረሻ ማቆየት ልማዱ ነው። የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ላይ ይህ ልማድ ጉድ ይሠራል፤ መጨረሻው ተቆርጦ ለማስተባበል የጠቀሱት ሐሳብ የእርስዎ አቋም ሆኖ ይሰማል። መልሱ ይቅደም፣ ምክንያቱ ይከተል። «ነገር ግን» የሚለው ገደብም መልሱ ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፤ ለብቻው ከቆመ መቀስ አያልፈውም።

ከሁሉ የሚያሳፍረው የአንቀጽ ስህተት ነው። ሲዳማ ክልል የሆነበትን ሂደት ሲያስረዱ አንቀጽ 39ን ብቻ ጠርተው የሚያልፉ ተንታኞች ብዙ ናቸው። የአዲስ ክልል ምሥረታ ሥርዓት ያለው አንቀጽ 47 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ነው፦ የጠያቂው ብሔር ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይደግፋል፣ ጥያቄው በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፣ ክልሉ ጥያቄው በደረሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 4 ግን የመገንጠል ሥርዓት ነው፤ እዚያ ሕዝበ ውሳኔውን የሚያደራጀው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን ጊዜውም ሦስት ዓመት ነው። ሁለቱን ማምታታት ክልል የጠየቀውን ሕዝብ አገር ሊገነጥል ነው ብሎ እንደ መናገር ነው። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ከመካሄዱ በፊት በነበረው ውጥረት እንዲህ ያለ መንሸራተት ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ ይቀመጥ፤ የአማርኛው ቅጂ። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው እሱ ነው፤ እንግሊዝኛውን በልብ እየተረጎሙ መናገር ለስህተት ያጋልጣል። አዋጅ ከሆነ ደግሞ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ይነበብ። በቴሌግራም የሚዞረው ብዙ ጊዜ ረቂቅ ነው፤ ምክር ቤት ገብቶ ሲወጣ የአንቀጹ ቁጥር እንኳ ሊቀየር ይችላል።

ጠያቂው «ታዲያ መንግሥት ትክክል ነው?» ብሎ ሲያፋጥጥ ሦስት ነገር ይለይ፦ ሕጉ የሚለው፣ በተግባር የተደረገው፣ የተናጋሪው አስተያየት። «ይህ የኔ አስተያየት ነው» ማለት አራት ቃል ነው። ፍርድ ቤት ባለ ጉዳይ ላይ ደግሞ ስለ ሥነ ሥርዓቱ እንጂ ማን እንደሚረታ መተንበይ የሕግ መምህር ሥራ አይደለም፤ ጠያቂው ደጋግሞ ቢወተውትም።

ክረምት ላይ የስልክ ቃለ መጠይቅ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሰጥም፤ ዝናቡ ከጀመረ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። መስኮቱም ባጃጅ ከሚበዛበት መንገድ ይራቅ።

የሚረሳው ተማሪው ነው። ማታ መምህሩን ሬዲዮ ላይ የሰማ ልጅ ፈተና ላይ የመምህሩን አቋም ገልብጦ ይጽፋል። መድኃኒቱ ጥያቄው ውስጥ ነው፦ «መምህሩ ያቀረቡትን ክርክር አፍርስ» የሚል አንድ ጥያቄ ማስገባት፣ ማረሚያ ነጥቡንም ለአንቀጹ አጠቃቀም እንጂ ለመደምደሚያው አለመስጠት።

ቁጥር ተሳስቶ ከወጣ፣ ዝግጅቱ በድጋሚ ከመተላለፉ በፊት ለአዘጋጁ መደወል፤ የተባለውን አንቀጽና ትክክለኛውን አንቀጽ ጎን ለጎን በአጭር መልእክት ጽፎ መላክ።