ከጥምቀተ ባሕሩ እስከ ቀሃ፦ ቦዩን እንዴት ተከተልኩት

ጎንደር ተወልጄ አድጌ ጥምቀተ ባሕሩን፣ የአጼ ፋሲልን ገንዳ፣ የማውቀው በጥር 11 ብቻ ነበር። ካህናቱ ባርከው ሲጨርሱ ጎረምሶቹ ዘለው ይገባሉ፣ እኛ ዳር ቆመን እንረጫለን። ዓምና የእህቴ ልጅ "አጎቴ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ከቧንቧ ነው?" አለችኝ። "ከቀሃ ወንዝ ነው፣ በቦይ" አልኳት። "በየት በኩል?" መልስ አልነበረኝም። ከነከነኝ።

መጀመሪያ የወጣሁት በመስከረም ነው። ስህተት ነበር። ሣሩ ጉልበት ድረስ ነው፤ እግር የት እንደሚረገጥ እንኳ አይታይም። በኅዳር ደግሜ ሄድኩ፤ ከገንዳው ተነስቼ በግምት ወደ ላይ። አጥር ገጠመኝ። ሰው ስጠይቅ "የምን ቦይ? የፍሳሽ?" ይሉኛል። ለካ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ቦይ ማለት የፍሳሽ መሄጃ ነው።

በታኅሣሥ ከወንዙ ጀመርኩ። ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት አገኘሁና "እማማ፣ የጥምቀቱ ውሃ በየት ነው የሚጠለፈው?" አልኳቸው። ቦይ የሚለውን ቃል አላነሳሁም። "ከላይ ነዋ ልጄ! ውሃ ሽቅብ ይሄዳል?" አሉና በአገጫቸው አሳዩኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መጥለፊያው ከገንዳው ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ዓይኔን ቁልቁለቱ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ዱካው ሲጠፋብኝ ወደ ወንዙ ተመልሼ እንደገና እጀምራለሁ። በሰው አጥር ጥግ ሳልፍ አስፈቀድኩ፤ የፈቀዱልኝ ሰዎች ናቸው የበለጠ የነገሩኝ።

አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ኮረብታውን የመረጡት በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ነው። ገንዳውን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው ይባላል። ጥር በጋ ስለሆነ ቀሃ ይሳሳል፤ ገንዳው በአንድ ጀንበር አይሞላም፣ ቀናት ይፈልጋል። ከመሙላቱ በፊት ግድግዳውን ተጠግታችሁ እዩት። የዋርካው ሥር ከላይ ወርዶ ድንጋዩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦታል። አንዱ ሥር ከክንዴ ይወፍራል። በአንድ በኩል ካቡን ይይዛል፣ በሌላ በኩል ይፈለቅቀዋል።

ያሳዘነኝ ወንዙ ነው። ድልድይ ሥር ፌስታልና ሃይላንድ ተከምሯል። የምንባረክበት ውሃ እኮ ነው! ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችን ደስ ብሎናል። ቀሃን ግን ማን አሰበው? ከከተማው በታች ከአንገረብ ጋር ተገናኝቶ ወደ መገጭ ወንዝ፣ ከመገጭም ጣና ሐይቅ ይገባል። እዚህ የጣልነው እዚያ ይደርሳል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷን ይዣት ሄድኩ። መጥለፊያውን አሳየኋት። እሷ ግን ዓይኗ ወንዙ ዳር ነበር። ፌስታሏን አውጥታ መልቀም ጀመረች። ቤት ስንደርስ ቆጠረችው፦ 14 ሃይላንድ።